ነጠላዋን አውልቂላት

ስሜ አይጻፍም፤ የምነግራችሁ ከምበላበት ገበታ ላይ ነውና። ሥራዬ የቪዲዮ ጌም ገፀ ባህሪያትን በኮምፒውተር መቅረጽ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ግራፊክስ» ብዬ አልፋለሁ፤ ይፋት ውስጥ ማጀቴ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ ፎቶ ቤት የከፈትኩ ይመስላቸዋል። ሥራው የሚመጣው ከውጭ ነው። ከፋዩ አንድ አገር፣ አገናኙ ሌላ አገር፣ እኔ አዲስ አበባ በኪራይ ክፍል ውስጥ። ዝም እንድል ውል ፈርሜያለሁና የድርጅት ስም አትጠብቁ። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ፤ እሱን ማንም በውል ሊያስረኝ አይችልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የጌም ዓለም የሚቆጥረው በዚያ ነው።)

ከልብስ እንጀምር። በስክሪን ላይ የምታዩዋት ሴት በሺዎች ከሚቆጠሩ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋች ቅርፊት ናት፤ ውስጧ ባዶ ነው። ቅርፊቱን የሚያንቀሳቅሱት እኛ የምንተክላቸው የማይታዩ አጥንቶች ናቸው። ገላዋ ላይ ልክክ ያለ ልብስ ላልብሳት ካልኩ ቅርፊቱ ላይ ቀለም እቀባለሁ፤ በቃ፣ ለበሰች። ሰፊ ቀሚስ ወይም ነጠላ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሌላ ቅርፊት መሥራት፣ ተጨማሪ አጥንት መትከል፣ ወይም ጨርቁ እንዴት እንደሚወድቅ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ እንዲያሰላ ማድረግ ይኖርብኛል። ስትሮጥ ጉልበቷ ቀሚሱን በስቶ ይወጣል። ዞር ስትል ነጠላው አንገቷ ውስጥ ይሰምጣል። ርካሽ ስልክ ላይ ጌሙ ይንቀራፈፋል። በእኛ ጓዳ ቆዳ ርካሽ፣ ጨርቅ ውድ ነው፤ የጌም ሴቶች ተራቁተው የሚዞሩበትን ምክንያት ስትጠይቁ አለቆቻችን የሚሰጧችሁ መልስም ይኸው ነው። መልሱ እውነት ነው። ግማሽ እውነት።

ሌላውን ግማሽ ያየሁት ለአንድ የሞባይል ጌም «የሐበሻ ተዋጊ ሴት» ሥሪ በተባልኩ ጊዜ ነው። ከትእዛዙ ጋር የተላከው ማሳያ ሥዕል ከሐበሻ ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቀለሙ ብቻ ነበር። እኔ ቆላ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የማውቃትን ሴት ሠራሁ። የሽመና ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ ሁለት ዙር የተጠመጠመ መቀነት፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ክንዷ ሸክም የለመደ፣ አገጯ ላይ ንቅሳት። መልሱ በትሕትና መጣ፤ ሁልጊዜም በትሕትና ነው የሚመጣው። «በጣም ያምራል። ነጠላዋን አውልቂላት፤ ስልክ ላይ ይከብዳል።» አወለቅሁ። «ቀሚሱ እስከ ጭኗ ቢሰነጠቅ ለሩጫ ይመቻታል።» ሰነጠቅሁ። «ክንዷ ወንዳወንድ ሆነ።» አቀጠንኩ። ቀጥሎ ወገቧ፣ ቀጥሎ ደረቷ። መጨረሻ ላይ «ንቅሳቱን እንዳትነኪው፤ እሱን ወደነዋል!» የሚል መጣ።

በዚያው ሰሞን፣ ለዚያው ጌም፣ የወንዱን ተዋጊ የሚሠራው ባልደረባዬ የአንበሳ ጎፈር ጭንቅላቱ ላይ፣ ለምድ ትከሻው ላይ አድርጎ ላከ። ጎፈር ፀጉር ነው። ፀጉር ደግሞ በእኛ ሥራ ከጨርቅም የባሰ ጣጣ አለው፤ እያንዳንዱ ዘለላ ቀን ይበላል። ስልክ ላይ ይከብዳል ያለው ሰው አልነበረም። ተጨማሪ ቀን ተሰጠው፤ ተጨማሪ ክፍያም ታከለለት። ከዚያ ወዲህ «ቴክኒኩ አይፈቅድም» ስባል መጀመሪያ የማየው ለወንዱ ምን እንደተፈቀደ ነው።

ትልልቆቹም ቤት ያው ነው። በ2014 ዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ»ን ሲያስተዋውቅ፣ አራት ሰው አብሮ በሚጫወትበት ክፍል ሴት ለምን እንደሌለች ተጠየቀ። የኩባንያው ሰዎች የሰጡት መልስ ሴት መጨመር አኒሜሽኑንም ልብሱንም እንደገና መሥራት ነው የሚል ነበር። ከዚያ ቀደም በዚሁ ተከታታይ ጌም ላይ የሠራው የአኒሜሽን ባለሙያ ጆናታን ኩፐር ግን ነገሩ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው ብሎ በአደባባይ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቀን የሚለው ለእኔም አጥሮብኛል። ጌሙ ግን የሚካሄደው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ፓሪስ ነው፤ ሻርሎት ኮርዴ የምትባል ሴት አብዮተኛውን ማራን በጩቤ በገደለችበት ከተማና ዘመን። ያው ኩባንያ በ2012 አቬሊን የምትባል የአፍሪካና የፈረንሳይ ደም ያላት ሴት ዋና ገፀ ባህሪ አድርጎ አውጥቷል፤ እንዴት እንደሚሠራ አልጠፋቸውም። ዩኒቲ ውስጥ የወንዶቹ ካፖርት ጫፍ እንዴት እንደሚውለበለብ ያየ ሰው ጊዜው የት እንደዋለ ይገባዋል።

አረማመድ የሚባል ጣጣም አለ። የተዘጋጁ እንቅስቃሴዎች የሚሸጡባቸው መደብሮች አሉ፤ «የሴት አረማመድ» ብላችሁ ስትገዙ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የፋሽን ትርኢት አካሄድ ነው፤ እግር በእግር ፊት፣ ዳሌ ወዲህ ወዲያ። ማጀቴ በሄድኩበት አጋጣሚ አክስቴን ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ በስልኬ ቀረጽኳት። ወገቧ ንቅንቅ አይልም። እርምጃዋ አጭር ነው፤ ተረከዟ መሬቱን አረጋግጦ ነው የሚያርፍ፤ አንገቷ ወደፊት፣ ዓይኗ ሦስት እርምጃ ርቆ ካለው ድንጋይ ላይ። ይህን ወስጄ ለተዋጊዋ አለበስኳት። ጉልበት ያላት ሴት ሆነች፤ ቢገፏት የማትወድቅ። መልሱ፦ «ደክሟታል እንዴ?» አኒሜሽኑ አልተጣለም። ከኋላ ለሚያልፉ የመንደር ሴቶች ተሰጠ። የአክስቴ አካሄድ እስከዛሬ እዚያ ጌም ውስጥ እየዞረ ነው፤ ተዋጊዋ ግን እንደ ሞዴል ነው የምትሄድ።

ይህ ከየት መጣ ለሚል፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ ፈጠን ብዬ ላልፈው። በ1982 ለፓክማን ሚስት ስትወጣለት ያው ቢጫ ክብ ነበረች፤ ከንፈሯን ቀለም ቀቡ፣ ሪባን አሰሩላት፣ ሴት ሆነች። በ1986 «ሜትሮይድ» ውስጥ ሙሉ ጌሙን በብረት ልብስ የተዋጋው ጀግና መጨረሻ ላይ ሳሙስ የምትባል ሴት መሆኗ ተገለጠ። ግሩም ነበር፤ ግን ተጫዋቹ በፍጥነት በጨረሰ መጠን ልብሷ እያነሰ ይሄዳል፤ ሽልማቱ ያ ነው። በ1996 ላራ ክሮፍት መጣች። የፈጠራት ቶቢ ጋርድ በዓመቱ ኩባንያውን ለቀቀ፤ ገበያተኞቹ እሷን ያቀረቡበት መንገድ ካላስደሰቱት ነገሮች አንዱ ነበር። ልብ በሉ፣ ጌሙ ውስጥ ላራ ብቻዋን የምትጓዝ፣ አደጋ የማትፈራ፣ ቁጥብ ሴት ናት። ማስታወቂያው ውስጥ ሌላ ሴት ናት። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1983 እና በ2014 መካከል የወጡ ጌሞችን አገላብጠው 571 ሴት ገፀ ባህሪያትን ሲመዝኑ፣ የገላ ማሳያነቱ በ1990ዎቹ ጣራ ነክቶ ኋላ እየቀነሰ እንደመጣ አግኝተዋል። መቀነሱን እኔም በሥራዬ አይቼዋለሁ፤ በትልልቆቹ ጌሞች። ወደ እኛ የሚወረወረው የሞባይል ሥራ ግን ገና 1990ዎቹ ውስጥ ነው።

ደግሞም ወንዶች ሴቶችን አዋረዱ ብሎ መዝጋት አይቻልም። ባዮኔታን፣ ያቺን ፀጉሯን ለብሳ ስትዋጋ የምትራቆተውን ጠንቋይ፣ የነደፈቻት ማሪ ሺማዛኪ የምትባል ሴት ናት። ባዮኔታን እወዳታለሁ። ትቀልዳለች፣ ትሳለቃለች፣ ሰው እንዲያያት የምትፈልገው ራሷ ናት። በእኛም አገር እንሶስላ፣ ኩል፣ ቅቤና ሹሩባ ያለ ነገር ነው፤ የቆላ ሴት መዋብ ታውቃለች። የሚከነክነኝ ሥጋዋን ሠርተን ስንጨርስ ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ሽያጭ ክፍል መላኩ ነው። ለወንዱ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ይመጣልኛል፤ ከየት እንደመጣ፣ አባቱን ማን እንደገደለበት፣ ምን እንደሚፈራ። ለሴቷ የሚመጣልኝ የወገብ ልክ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባልደረቦቼ ሲያነቡት ይቆጣሉ። በ2020 «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ አቢ የምትባለው ገፀ ባህሪ ጡንቻዋ ከመጠን በላይ ነው፣ ሴት እንዲህ አትሆንም ተብሎ ጩኸት ሆነ፤ ድምፅ የሰጠቻት ላውራ ቤይሊ የግድያ ዛቻ ደረሳት። የአቢ አካል ግን የተቀዳው ኮሊን ፎትሽ ከምትባል እውነተኛ ስፖርተኛ ነው። በ2024 «ስቴላር ብሌድ» ሲወጣ ደግሞ የዋናዋ የኢቭ ገላ መነሻው ሺን ጄ-ኡን የምትባል የኮሪያ ሞዴል ናት። ሁለቱም ካለ ሰው የተወሰዱ ናቸው። «ሐሰት» የተባለችው ግን አቢ ናት። የአቢን ክንድ ይዤ ማጀቴ ገበያ ብገባ ዞር ብሎ የሚያይ ያለ አይመስለኝም፤ እህል የምትጭን፣ ውሃ የምታዝል ሴት ክንድ እንዲያ ነው።

ወደ ማጀቴ እንግባ። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ፣ ከተራራው ግርጌ ያለች፣ በ1961 የካራቆሬ ርዕደ መሬት ፈርሳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። እንደየትኛውም የይፋት ከተማ ጆተኒ ቤት አላት፤ ፕሌይስቴሽን ቤትም አላት፤ መብራት ካለ። ውስጡን ልንገራችሁ፤ ሴት ልጅ አትገባም። የሚከለክል ጽሑፍ የለም፤ አትገባም እንጂ። እኔ ስገባ ዝም አሉ፤ ባለቤቱ ደንግጦ «እትዬ፣ ወንድምሽን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ልጫወት መምጣቴን ስነግረው ወንበር አመጣልኝ፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ። የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ አብዛኛው ቀን ኳስ ብቻ። እና እዚያም ቢሆን የእኛ ሴቶች የሉም። የፊፋ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ያስገባው በ2015 በወጣው ፊፋ 16 ላይ ነው፤ 12 ቡድኖች፤ ከአፍሪካ አንድም። ሉሲዎቹ እዚያ አልነበሩም። ኳሱ ሲሰለች ሞርታል ኮምባት ይከፈታል፤ ትንንሾቹ ሴት ተዋጊ ሲመርጡ ትልልቆቹ ይስቁባቸዋል፤ ከዚያ አንዱ በሴቷ ሁሉንም ይደበድብና ሳቁ ይቆማል። ጂቲኤ ሲሆን ባለቤቱ በር በሩን እያየ ነው። ጭፈራ ቤት ያለበት ቦታ ሲደርሱ «እለፈው፣ እለፈው!» ይላል። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ቅርብ ነው፤ የልጆቹ አባቶችም በዚያው በኩል ነው የሚያልፉት።

ሴቶቹ ልጆች ታዲያ የት ይጫወታሉ? ስልክ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ የእናታቸውን ስልክ ተሻምተው። የሚያወርዱት ነፃ ጌም ነው፤ ነፃ ጌም ደግሞ በማስታወቂያ ነው የሚኖረው። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ የሥራችን ትልቁ ጉድ እዚህ ነው። ብዙው ሰው የሚያየው ጌሙን አይደለም፣ የጌሙን ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚሠራው ደግሞ ጌሙን የሠራው ቡድን ሳይሆን የተለየ ቡድን ነው። ያ ቡድን አንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ዓይነት ቪዲዮ አውጥቶ ሰው የትኛውን እንደሚነካ ይቆጥራል። የተነካው ይባዛል። የሚነካው ምን ሆነ መሰላችሁ? የተባረረች ነፍሰ ጡር፤ ልጇን አቅፋ በበረዶ ውስጥ የምትንቀጠቀጥ እናት፤ ባሏ በሌላ ሴት የለወጣት፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ «አስተካክላት» የምትባል ሚስት። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በ2020 የሆምስኬፕስና የጋርደንስኬፕስ ማስታወቂያዎችን ጌሙን አይመስሉም ብሎ ከልክሏል፤ ስለ ሴቶቹ አያያዝ ግን አልነበረም ክርክሩ። እኔም ከእነዚህ እናቶች አንዷን ሠርቻለሁ። ትእዛዙ «እንባዋ ይብራ፣ ሸሚዟ ይቀደድ፣ ግን ቆንጆ ትሁን» ይላል። የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ያን ማስታወቂያ ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «እትዬ፣ ለምን ራሷ ተነስታ እሳት አታነድም?» አለችኝ። እንጨቱ እኮ ጎኗ ተቀምጧል፤ እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት። ተጫዋቹ እንዲያነድላት ነው።

አሁን የምወደው ክፍል። የእኛ ሴት በዓለም ጌም ውስጥ ገብታ ታውቃለች ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፤ ያውም ዮዲት ናት። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ2015 መጨረሻ ባወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያንን አስገብቷል። ሾተል ያዥ ወታደሮች አሏቸው፤ አማርኛ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ዘመቻ ባለታሪክ ዮዲት ናት። ይህ ጌም ከላይ ወደታች ነው የሚታየው፤ ሰው ሁሉ የጣት ጥፍር ነው የሚያክለው። ገላ ማሳየት ብትፈልጉም አይቻልም። እንጨት የሚቆርጡት፣ እርሻ የሚያርሱት ሴትና ወንድ ሠራተኞች ጉልበታቸው እኩል ነው፤ ጌሙ ገና በ1999 ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ነው። ገላ በሌለበት ታዲያ ሴትነቷ የት ገባ? ጽሑፉ ውስጥ። ዘመቻውን የሚያስተዋውቀው አጭር መግለጫ ስለ ዮዲት መጀመሪያ የሚነግራችሁ ቆንጆ መሆኗን ነው፤ በሥጋ ዘመዷ ስግብግብነት መሰደዷ፣ ብልኅነቷ፣ ዙፋኗን ለማስመለስ መታገሏ ከዚያ ወዲህ ነው የሚመጣ።

በዚህ ፈረንጆቹን ልቀየም ስል አገሬ ትዝ አለችኝ። እኛ ራሳችን ስለ ዮዲት የምንነግረው ምንድን ነው? ሥርግው ሀብለ ሥላሴን የመሳሰሉ የታሪክ ሰዎች የመዘገቡት አፈ ታሪክ አለ፤ የንጉሥ ዘር የነበረችው ልጅ አክሱም ላይ በድህነት ገላዋን ስትሸጥ፣ አንድ ዲያቆን በፍቅሯ ወድቆ የጽዮንን ወርቀ ዘቦ ለጫማዋ ሰረቀላት፤ በቅጣት ጡቷ ተቆርጦ ተባረረች፤ በዚያ ቂም ተመልሳ አገር አቃጠለች። ልብ ካላችሁ ይህ ከማውቃቸው የጌም ትእዛዞች ሁሉ የባሰ ነው። ቁንጅና፣ ሴተኛ አዳሪነት፣ የተቆረጠ ጡት፣ ቂም፤ ሙሉ ሰውነቷ ገላዋ ነው። ጌሙ ይህን ሁሉ አወጣና በሐሰት የተከሰሰች ልዕልት አደረጋት። በዘመኑ የነበሩት ምስክሮች ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ዓረብ ተጓዥ ኢብን ሐውቀል ሐበሻን ለ30 ዓመት ያህል ሴት እንደገዛች፣ ንጉሡንም እንደገደለች ጻፈ። የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤም የሚያለቅሰው ስለ ጦርነትና ስለ ጳጳስ እጦት ነው። ወርቅ ጫማና ጡት ኋላ የመጣ ጭማሪ ነው። ገበያተኛ በእኛም ነበር ማለት ነው።

ከዮዲት የሸሹት ነገሥታት ወደ ሸዋ መጡ ይላል ትውፊቱ። እኔ ግን ለጌም ሴት ስፈልግ ወደ አክሱም አልሄድም፤ ከማጀቴ ቁልቁል ያለው ቆላ ይበቃኛል። ከይፋት ሡልጣኖች በፊት በሸዋ የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ነበር። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው ዜና መዋዕሉ የሚጀምረው በሴት ሞት ነው፤ ንግሥት ባዲት፣ የማያ ልጅ፣ በ1063 ሞተች ይላል። ሌላ ነገር የለም። ከማጀቴ በማይርቀው አንጾኪያ ደግሞ በ1531 የልብነ ድንግል ጦር በግራኝ መድፍ ተደናግጦ ተበትኗል። በዚያ ዘመቻ የግራኝ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ አብራ ነበረች፤ ወታደሮቹ እያጉረመረሙ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ባሏ በ1543 ሲሞትና ልጇ ሲማረክ፣ እሱን ከልብነ ድንግል ልጅ ከሚናስ ጋር ለማስለወጥ የተደራደሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እሷና እቴጌ ሰብለ ወንጌል። ሁለት እናቶች፣ ሁለት ምርኮኛ ልጆች፣ አንዷ ባሏ በሌላዋ ወገን የተገደለባት። ይህን ትዕይንት ለማንም የጌም ጸሐፊ ስጡት፤ ምንም መጨመር አያስፈልገውም።

ማን ይሰጠዋል? «ሲቪላይዜሽን» የሚባለው ታላቅ የታሪክ ጌም ኢትዮጵያን ሦስት ጊዜ አስገብቷል፤ በ2007 ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ2012 ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 ምኒልክ። ጣይቱ የለችም። የ2012ቱ ማስፋፊያ ኃይለ ሥላሴን ሲያመጣ አብራ የመጣችውን የቢዛንታይን ንግሥት ቴዎዶራን ያየ ሰው ግን ጣይቱ ባትገባ ይሻላል ሊል ይችላል። አገር የምታስተዳድረው ቴዎዶራ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ነው ከእናንተ ጋር የምትደራደር። መቀሌ ላይ ውሃ ያስያዘችው ጣይቱ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትታየኝ ያመኛል።

አገር ቤት ያለውን ደግሞ በጨረፍታ። የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ የሠራው ታዋቂው «ኩኩሉ» ባለታሪኩ ከሚያሳድዳት ሰው የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ የወገብ ልክ የጠየቀባት ስላልነበረ ይሆናል እንዲያ ነፃ ሆና የምትሮጠው። የብሩክታዊት ጥጋቡ «ጥበብ ገርልስ» ካርቱን ልጃገረዶቹን ጥበብ አልብሶ ያለዕድሜ ጋብቻን እንዲታገሉ ያደርጋቸዋል። የበሰራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ በ2019 «ሀዊ»ን አወጣ፤ ጀግናዋ ኢትዮጵያዊት ናት። ካርቱንና ኮሚክ ጨርቅ አያስፈራቸውም፤ በእጅ ይሣላልና። ጌም ላይ ሲደርስ ነው ወደ ውጭ መደብር ሄደን የተዘጋጀ ገላ የምንገዛው፤ ያ ገላ ደግሞ ከነወገቡ ነው የሚመጣ። አንድ የአገር ውስጥ ሥራ ላይ ተጠርቼ ቡድኑ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ሐበሾች ሳለን፣ የመጀመሪያው አስተያየት «ትንሽ ሴክሲ ብናደርጋትስ? ውጭ እንዲሸጥ» የሚል ነበር። ያለው ልጅ የራሱ እህት ሂጃብ ነው የምትለብሰው። ክፋት አልነበረበትም። ገበያው የሚፈልገውን ያወቀ መስሎት ነው።

ከሥራ ሰዓት ውጭ የማንም ያልሆነ አንድ ፋይል አለኝ፤ ባዲት ናት። ማን ይገዛዋል አትበሉኝ። ባልደረባዬ አይቷት «ለምን አሮጊት አደረግሻት?» አለኝ። ስለ እሷ የተጻፈው መሞቷ ብቻ ነው፤ ወጣት ናት ያለ የለም። መደብሩ ውስጥ የምቀይረው የአሮጊት ገላ ፈልጌ ነበር፤ ያለው ወይ ጠንቋይ ነው ወይ ዱላ ይዛ የምትንቀጠቀጥ። ዙፋን ላይ ልትቀመጥ የምትችል የለችም። ስለዚህ ማጀቴ ስሄድ የሰፈራችንን አንዲት አዛውንት ፊታቸውን ከሁሉም አቅጣጫ ላነሳ ለመንኳቸው።

«የኔን? ልጃገረድ አጥተሽ ነው?» አሉኝ።

«የዚሁ አገር ንግሥት ነበረች እማማ፤ በእስላሙ ዘመን። ፊቷን የሚያውቅ የለም።»

ጥቂት አሰቡ። «ግብሩን ከደጋውም ነበር የምትሰበስበው ወይስ ከቆላው ብቻ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«እሱን ሳታውቂ ፊቷን ምን ያደርግልሻል» አሉና ሻሻቸውን ፈትተው አጥብቀው አሰሩ። «በይ በግራዬ አንሺኝ፤ ቀኙ ዓይኔ ሞራ አለበት። ኋላ ታውራለች ብለው ይገለብጧታል።»